ሴሊካዋ ወይስ ዳትሰኗ

«ምን ትላለች?» አለ አባቷ።

ኖላዊት ወዲያው አልመለሰችም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፋ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ኋላ ካለው አጥንት ጋር አጣብቃ ዓይኗን ጨፍናለች። የቀይዋ መኪና፣ የሴሊካዋ ድምፅ በብረቱ አልፎ ጭንቅላቷ ውስጥ ይገባል። ከላይ በኩል ቀጭን ትክትክታ አለ። ካቻቢቴውን ወደ ታች አወረደችው። እዚያ ያለው አንድ ወጥ፣ የረጋ ድምፅ ብቻ ነው።

«ባልቦላዋ መስተካከል ይፈልጋል» አለች ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች። «ከታች ምንም የለም። ንጹሕ ናት።»

አባቷ ዘርአብሩክ ከንፈሯን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ባለቤት ሚስት፣ ወደ እትዬ አመለወርቅ ዞሮ «ሙያውን እያለማመድኳት ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል።»

እትዬ አመለወርቅ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ቀልድ አልነበረም። ዘርአብሩክ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በጥጥ እርሻ ጋራዥ ውስጥ ትራክተርና የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ ጆሮውን እዚያው ትቶት ነው የመጣው። መጀመሪያ የቀረበት የወፍ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ በመጨረሻም የሰው ንግግር። ይህን የሚያውቁት ሚስቱና ልጁ ብቻ ናቸው። ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን ከንፈር እያየ ይገምታል። ሰዎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ያልገባው ነገር ሲበዛበት «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይሄዳል። ድሮ «ዘርአብሩክ የሞተርን በሽታ ቆሞ ሰምቶ ይናገራል» ይባልለት ነበር። እንዲህ ለተባለለት ሰው «አልሰማም» ማለት «ሙያ የለኝም» ከማለት አይለይም።

ባለፈው ክረምት እርሻው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተሰናበተ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ የኖላዊት እናት ሻሺቱ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ኦቾሎ ወጣች፤ እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ የሚያስታምማቸው ሰው አልነበረም። በአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ባለው ቤት አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ቤቱ ውስጥ የሚነገር ነገር ሁሉ በጩኸት ሆነ። እራት መቅረቡ ይጮኻል። ውኃ መምጣቱ ይጮኻል። ጎረቤቶቻቸው ልጅቷ ምን ሆና ነው አባቷን እንዲህ የምትቆጣው እያሉ ያወሩ ነበር።

ተጮኾ የማይነገር ነገር ግን ብዙ ነው። ሒሳብ ላይ ያገኘችውን ዝቅተኛ ውጤት፣ ያስፈራትን ሕልም፣ እናቷ ምን ያህል እንደምትናፍቃት፣ ይህን ሁሉ ኖላዊት ጎረቤት እስኪሰማ መጮኽ አልቻለችም። ስለዚህ ዝም ማለት ለመደች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ እስኪነጋ ድረስ የምትናገረው ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ይሆናል።

በዝግታ የምታወራት አንድ ሰው ነበረቻት፤ ሃና። አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሴሊካዋም የሃና አባት መኪና ናት። እሳቸው ኢንጂነር ናቸው፤ ከሁለት ወር በፊት ወደ አዲስ አበባ ተዛውረዋል። መኪናዋን እንዲሸጧት ለሚስታቸው አደራ ብለው ነው የሄዱት።

«ኖላ፣ ነይ እስቲ» አለች ሃና ከበረንዳው ላይ።

ዘርአብሩክ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ስለነበር ኖላዊት ካቻቢቴውን አስቀምጣ ተከተለቻት። ከቤቱ ጀርባ አጭር የድንጋይ አጥር አለ። የእነ ሃና ሰፈር ሴቻ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚያ ሲታይ የአባያ ቀይ ውኃ ከታች ተዘርግቷል። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የሚያጠኑት እዚያ ተቀምጠው ነው።

«ደህና ናት አልሽው አይደል?»

«ደህና ናት እኮ።»

«ፋራ ነሽ እንዴ?» ሃና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት አባዬ ደውሎ ነበር። መኪናዋ በተሸጠች በሳምንቱ ጠቅልላችሁ ኑ ብሏል። ለቤት ኪራይ ቅድሚያ የሚከፍለው ከሷ ሽያጭ ነው። ካልተሸጠች ሰኔ ድረስ እዚሁ ነን።»

ኖላዊት ይህን አታውቅም ነበር። ሃና እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ግን ሰኔ ሩቅ ነው። ገና ጥምቀት ማለፉ ነው።

«በሰኔ ነው አላልሽኝም?»

«አዎ፤ ካልተሸጠች።» ሃና ከአጥሩ ላይ ትንሽ ጠጠር ፈልቅቃ ወደ ታች ወረወረች። «በዓመቱ መሃል አዲስ ትምህርት ቤት ገብቼ ከማን ጋር ነው የማወራው? ሰዎቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ። እኔ እንደ ዕቃ ጥግ ላይ ልቀመጥ? አባትሽ ነገ ሌላ መኪና ሊያይ ነው አይደል?»

«ዳትሰን። የጋሽ ወልደየሱስን።»

«በቃ። እሷ ትሻላለች በይው። አንቺ ያልሽውን ነው የሚሰማው፤ አሁን እንኳ አይቼዋለሁ። ደግሞ ጥሩ መኪና ልትሆን ትችላለች፤ ውሸትም አይሆንብሽ።»

«መጥፎ ብትሆንስ?»

ሃና እጇን በኖላዊት ክንድ ውስጥ አስገብታ ራሷን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሁለቱም ሐይቁን አዩ።

አባትና ልጅ ወደ ሲቀላ በእግራቸው ወረዱ። ዘርአብሩክ በመንገዱ ሁሉ ስለ ሁለቱ መኪናዎች ያወራ ነበር። ልጁ እንድትመልስለት አልጠበቀም፤ እየተራመዱ ከንፈር ማየት አይቻልም። የስንብት ገንዘቡና ከወንድሙ ጋር የነበረው የሙዝ ማሳ ድርሻ የተሸጠበት ተደምሮ ለአንድ አሮጌ መኪና ብቻ ይበቃል። ለትልቅ ጥገና የሚተርፍ የለም። የሚመክረው ሰው ሁሉ «ፒክአፕ ግዛና ሙዝ ጫንበት» ይለዋል። እሱ ግን «አሥራ ስምንት ዓመት ትራክተር ላይ ተቀምጫለሁ፤ አሁን የሚሮጥ ነገር ነው የምፈልገው» ይላል። የሚሮጥ መኪና ሥራ አያጣም ባይ ነው። አውቶቡስ ያመለጠው ነጋዴም፣ ሶዶ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ያለበት የቢሮ ሰውም በኮንትራት ይሄዳል።

ሴሊካዋ ጉልበተኛ ናት፤ በደንብ የተያዘችም ናት። ግን በሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት። ወደ መሬትም ዝቅ ያለች ስለሆነች የሶዶ ኮረኮንች ሆዷን ይፍቃታል። ዳትሰኗ አራት በር አላት፤ ከመሬት ከፍ ትላለች፤ ዕቃዋ የትም ይገኛል። ቁጭ ብሎ ላሰበው ዳትሰኗ ትሻላለች።

ሌላም ምክንያት ነበረው። ሃያ ዓመት ሲሞላው አዲስ አበባ ውስጥ ለመኪና ውድድር መኪና በሚያዘጋጅ ጋራዥ ተቀጥሮ ነበር። እዚያ የሠራው በእንደዚህ ዓይነት ዳትሰኖች ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጋሽ ወልደየሱስ መጋዘን ሲደርሱ ዳትሰኗ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ነጭ ናት፤ በጎኗ ሰማያዊ መስመር አላት። ዕድሜዋ ከኖላዊት ቢበልጥም ታጥባና ተወልውላ ታበራለች። ዘርአብሩክ ገና ከሩቅ ሲያያት እርምጃው ተለወጠ። ሙዝ ነጋዴው ጋሽ ወልደየሱስ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

«እንዲህ ዓይነት መኪና አርባ ምንጭ ውስጥ ሁለተኛ የለም፤ አንተ ታውቃታለህ» አለው።

«እሺ፣ እሺ» አለ ዘርአብሩክ። ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ አላነሳም።

ኖላዊት እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ሞቋል። አባቷ ያስተማራት ነው፤ መኪና የሚሸጥ ሰው ሞተሩን ቀድሞ ካሞቀው አንድ የሚደብቀው ድምፅ አለ። የዘይት መለኪያውን መዝዛ አየችው። ዘይቱ እንደ ማር ወፍሮ በዝግታ ይንጠባጠባል። ወፍራም ዘይትም ድምፅ ያፍናል።

ሞተሩ ተነሣ። ከላይ ሲሰማ ጸጥ ያለ ነው። ካቻቢቴውን ከጆሮዋ ኋላ አጣበቀችና ጫፉን ወደ ታች አወረደችው። እዚያ አገኘችው። ድው፣ ድው፣ ድው ይላል። በጣም ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው ግድግዳ እንደሚመታ። አባቷ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ፈጠነ፤ ወፈረም።

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በአሥራ አንድ ዓመቷ አባቷ እርሻው ጋራዥ ወስዷት፣ ካቻቢቴውን እጇ ላይ አድርጎ አንድ ትራክተር አሰምቷት ነበር። «ቢየላ ነው» ብሏት ነበር ያኔ። «ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ። ላልቶ ሲመታ እንዲህ ይላል። ይህን ከሰማሽ ሞተሩ ሊፈርስ ነው።» ትራክተሩ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ።

«ምን ትላለች?» አለ ዘርአብሩክ ከመሪው ጀርባ ሆኖ። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ነው። እንዲህ ሲያያት ፊቱ ላይ ያለው ነገር የልጅ ዓይነት ነበር።

ኖላዊት ካቻቢቴውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። አንድ ሰኞ ጠዋት ዴስኩ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ታያት።

«ምንም አትልም» አለች። «ደህና ናት።»

ዘርአብሩክ መሪውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። ጋሽ ወልደየሱስ ኖላዊትን አንድ ጊዜ አየትና ፊቱን ዞር አደረገ። ነገ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘርአብሩክ መኪናዋን ወስዶ ሊሞክራት፣ ሰኞ ደግሞ ሊፈራረሙ ተስማሙ።

የዚያን ቀን ምሳ ዘርአብሩክ ከአባያ የመጣ ዓሣ ገዝቶ ራሱ ጠበሰ። ለወራት እንዲህ አውርቶ አያውቅም። ስለዚያ ጋራዥ ነገራት፤ ለውድድር አንድ ሳምንት ሲቀር መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ እንዴት ይተኛ እንደነበር፣ አንድ ሾፌር ከውድድር ተመልሶ «ሞተሯን የሰማልኝ ማነው?» ብሎ ሰው መሃል እንደጠራው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። «እኔ ነኝ አልኩት» አለ ዓሣውን በእጁ ይዞ። ኖላዊት የዓሣውን እሾህ ስትለቅም ቆየች። አንድም ቁራሽ ወደ አፏ አላደረገችም።

«ዝም አልሽ» አላት።

«አሞኝ ነው» ብላ ጮኸችለት።

እሑድ ረፋድ ላይ ዳትሰኗን ወስደው ወጡ። ዘርአብሩክ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። በሲቀላ ገበያ በኩል ቀስ ብለው አልፈው ወደ ሴቻ የሚወጣውን አስፋልት ያዙ። ለጥ ባለው መንገድ ላይ ድምፁ እምብዛም አይሰማም ነበር። ኖላዊትም ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ማሰብ ጀምራለች። ዳገቱ ሲጀምር ግን አባቷ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሰጠ።

ድው ድው ድው ድው።

አሁን ካቻቢቴ አያስፈልግም ነበር። ከእግሯ በታች ከወለሉ ይመጣል። መንገድ ዳር የነበሩ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው መኪናዋን አዩአት። አንደኛው ለሌላው አንድ ነገር ነግሮት ሳቁ።

ዘርአብሩክ በመስኮቱ ክርኑን አውጥቶ በጋሞኛ አንድ የቆየ ዘፈን ያንጎራጉራል። «ትሰሚያለሽ?» አላት። «ዝም ያለች ሞተር እንዲህ ናት። ዳገቱን አታውቀውም።»

ኖላዊት ወደ እሱ ዞረች። አባቷ ብዙ ነገር እንደማይሰማ ታውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ግን አይሰማም ብላ አስባ አታውቅም። ሙያ የሌለው ሰው እንኳ መንገድ ዳር ቆሞ የሰማውን፣ ከሞተሩ አንድ ክንድ ርቆ የተቀመጠው አባቷ አልሰማም። እውነቱን ብትነግረው መኪናዋን ብቻ አይደለም የምትወስድበት።

የእነ ሃና ቤት በር ላይ ሲደርሱ ሃና ቆማ ነበር። ነጩን መኪና ስታይ ፊቷ በራና እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች። ኖላዊትም እጇን አነሣች። ጥቂት እንዳለፉ «አባዬ፣ አቁም» አለች።

አልሰማትም። አሁንም ነዳጅ ሰጠ።

ክንዱን ያዘችው። ዘርአብሩክ ደንግጦ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ምን ሆንሽ? ሕመሙ ተነሣብሽ?»

ካቻቢቴውን ከወንበሩ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ዘርአብሩክ ምንም ሳይገባው ተከትሏት ወረደ። እሷ ከታች፣ ሞተሩ ሆድ ላይ ጣቷን ቀስራ አሳየችው። እዚያ ላይ ካቻቢቴውን አሳረፈና እጀታውን ጆሮው ኋላ አደረገ። ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም የለም ማለቱ ነው። ኖላዊት ንዝረቱ እንዲሰማው በጥርሱ እንዲይዘው በጣቷ ጥርሷን አሳየችው። አንዴ አመነታና እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። እሷ በሩን ከፍታ፣ እግሯን ዘርግታ ነዳጁን ረገጠች።

በተከፈተው ኮፈን ሥር ፊቱን ማየት አልቻለችም። የምታየው እጁን ብቻ ነው። እጁ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀስ ብሎ የኮፈኑን ጠርዝ ያዘ።

ሞተሩን አጠፋችው።

ዘርአብሩክ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ በመሐረቡ ጠረገው። ለጠረጋው ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ቢየላ ነው» አለ።

«አዎ።»

«አሁን ነው የጀመረው?»

የለም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። «ትናንትም ነበር። ሰምቼዋለሁ።»

ከንፈሯን አይቷል። «ታዲያ ለምን ደህና ናት አልሽኝ?»

«ሃና እንዳትሄድብኝ ብዬ።» በሹክሹክታ ነው ያለችው፤ ፊቷንም ወደ መሬት አድርጋ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አለ ዘርአብሩክ። በሰው ፊት የማይላትን ቃል ነው ያላት። ጎንበስ ብሎ ፊቷን ፈለገ። «ቀና በይና ንገሪኝ።»

ከበስተኋላ ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው እየመጡ ነበር። ኖላዊት ቀና አለች። ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ጮኸች። «ሴሊካዋን ከገዛህ ሃና ትሄዳለች። ከሷ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም። እቤት ውስጥ ማንንም አላወራም።»

ሴቶቹ ቆም ብለው አይተው አለፉ። ኖላዊት ፊቷ ጋለ። ዘርአብሩክ መኪናዋን ተደግፎ ቁልቁል ሐይቁን ያይ ጀመር። ከዚያ ከፍታ ሁለቱ ሐይቆችና በመካከላቸው ያለው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ፣ ይታያሉ፤ እሱ ግን ምንም የሚያይ አይመስልም ነበር።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ዝም የምትዪው ጭምት ሆነሽ ነው ብዬ ነበር። እናትሽም ልጅ እያለች ጭምት ነበረች።»

ኖላዊት የመኪናዋን ሰማያዊ መስመር በጣቷ ተከተለች።

«አሁን የመጣንበት ዳገት ላይ ይሰማ ነበር?»

«ይሰማ ነበር።»

«ለሰውም?»

ብትዋሸው ደስ ይላት ነበር። «ለሰውም» አለች።

ዘርአብሩክ ራሱን ነቀነቀ። ሰዓቱን አየ፤ ሰዓት ሊያይ ፈልጎ ግን አይመስልም። ኮፈኑን ዘግቶ መሪው ጀርባ ገባ። ቁልቁለቱን ሞተሩን ሳያስጨንቅ በዝግታ ወረዱ። የእነ ሃና በር ላይ አሁን ማንም አልነበረም።

ጋሽ ወልደየሱስ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘርአብሩክ ቁልፉን መለሰለት።

«ቢየላዋ አልቋል። አልወስዳትም።»

«ትናንት ደህና ናት ብላችሁኝ አልነበር? ራስህ ሞተሩን ሰምተህ የለም እንዴ?»

ኖላዊት አባቷ «እሺ፣ እሺ» ብሎ የሚሄድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ቆመ።

«እኔ አልሰማሁም» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም። የሰማችው ልጄ ናት።»

«አይሰማም ማለት?»

«አይሰማም ነዋ። አሁን ያልከኝን ያወቅሁት ከንፈርህን አይቼ ነው።»

ጋሽ ወልደየሱስ ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላበጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጠጋ አለና ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ቃላቱን እያስረዘመ «ወፍራም ዘይት የጨመረባት ሾፌሩ ነው፤ እኔ አላዘዝኩም» አለው። እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ አይቻልም ነበር። ዘርአብሩክም አልጠየቀም።

ሰኞ ጠዋት ኖላዊት ትምህርት ቤት ስትሄድ አባቷ ጆሮውን ሊታይ ሆስፒታል ሄዶ ተሰለፈ። ማክሰኞ ደግሞ ሴሊካዋን ገዛ።

ሃና አልተቆጣቻትም። ኖላዊት ስድብ ወይም ኩርፊያ ጠብቃ ነበር። ሃና ግን ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ጎኗ ተቀምጣ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለቻት። «በመኪና ስታልፉ አይቻችኋለሁ እኮ። ልትገዟት ነበር፤ ከዚያ አባትሽ መንገድ ላይ ሰምቶባት ነው አይደል? ጋራዥ ያደገን ሰው ማን ይሸውደዋል?»

ኖላዊት አፏን ከፈተች፤ ደወል ተደወለ። ደወሉ ባይደወልም ኖሮ ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ሐሙስም አልነገረቻትም፤ ዓርብም። ሃና በነዚያ ቀናት ከወትሮው በላይ ቀረበቻት። ስትሄድ ክንዷን ትይዛታለች፤ እስክሪብቶዋን ሰጠቻት፤ ለሌሎቹ ልጆች «ለእኔ ብላ አባቷን የዋሸች ልጅ ናት» ብላ ነገረቻቸው። ኖላዊት ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ደብተሯ ትመልስ ነበር። ዝም ብትል ሁሉም ነገር እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ሃና አዲስ አበባ ሆና ደብዳቤ ትጽፍላታለች። ሴሊካዋ በማን ምክንያት እንደተገዛች የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው፤ አባቷ ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ቅዳሜ ማለዳ የእነ ሃና ግቢ ውስጥ አይሱዙ ቆሞ ዕቃ ይጫንበታል። እትዬ አመለወርቅ ፍራሽ ይቆጥራሉ። ኖላዊት በጎን በኩል አልፋ ወደ ጓሮ ሄደች። ሃና የድንጋይ አጥሩ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«እንዳትቀሪ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች ሃና። ከሹራቧ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ነው፤ የአባዬ መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ አንቺ ጻፊ፤ እኔ መጀመር አልችልበትም።»

ኖላዊት እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ወረቀቱን ሊነኩት ጥቂት ሲቀር እጇን መለሰች።

«ይህን ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ።»

«ምን?»

«አባዬ አልሰማባትም። ጆሮው አይሰማም፤ ከድሮ ጀምሮ። የነገርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እንዳልሽኝ ዋሽቼው ነበር፤ ከዚያ መንገድ ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኩት። አንቺ እጅሽን ካውለበለብሽልኝ በኋላ ነው።»

ሃና ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። ከግቢው የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ቁም ሣጥኑን በዚህ በኩል ያዙት ይላሉ።

«እሄዳለሁ ማለት መሆኑን እያወቅሽ?»

«አዎ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ለሁሉም ሰው ሳወራ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ሃና ከአጥሩ ላይ ወረደች። ኖላዊት ትመታኛለች ብላ አስባ ነበር፤ ወይም ታለቅሳለች። ሃና ሁለቱንም አላደረገችም። ወረቀቱን አየችው፤ ልትቀደው መስሎ ጣቶቿን አጠበቀችበት። ከዚያ አጥሩ ላይ አስቀመጠችው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣ ስለነበር ወረቀቱ ጫፉን አነሣ። ሃና ዞር ዞር ብላ ድንጋይ ፈልጋ በላዩ ጫነችበት። ኖላዊትን ሳታያት ወደ ግቢው ሄደች።

አይሱዙው ሲነሣ፣ በሩ ሲዘጋ፣ የእትዬ አመለወርቅ ድምፅ ሲርቅ ኖላዊት እዚያው ቆማ ሰማች። መኪናው የሴቻን አስፋልት ይዞ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ድንጋዩን አነሣችና ወረቀቱን ወሰደች። መንገድ ላይ ሆና ደብዳቤውን በምን ቃል እንደምትጀምር ታስብ ነበር። ብዙ ቃል ሞከረች። ሲቀላ እስክትደርስ አንዱም አልጣማትም፤ ቢሆንም ከሱቅ ፖስታና ቴምብር ገዝታ ገባች።